ልጅ ኢያሱ ጊሚራ የመጣ ጊዜ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ስለ ልጅ ኢያሱ አወራሁ። ያወራሁት መድረሳ ስንቀራ ኡስታዞቻችን በእረፍት ሰዓት ያጫወቱንን ነው፤ ለሙስሊሙ ያዘነ፣ ከሶማሌውና ከአፋሩ ጋር የተዛመደ፣ በዚሁ የተነሳ ዙፋኑን ያጣ ወጣት መሪ። የቤንች ልጅ የሆነው የዶርም ጓደኛዬ፣ ሙስሊም አይደለም፣ እስክጨርስ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ይኸ ኢያሱ ጊሚራ ድረስ መጥቶ ሰው የነዳው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርኩት ታሪክ ኢያሱን በጥቂት መስመር አልፎታል፤ መድረሳ በሰማሁት ውስጥ ደግሞ ጊሚራ የሚል ቃል አልነበረበትም። ስለዚህ ከስትራክቸር ፈተና በፊት ማንበብ የነበረብኝን ትቼ ላይብረሪ ገባሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የወጣ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ምኒልክንና ራስ ሚካኤልን በአንቱታ እየጠራሁ ኢያሱን አንተ የምለው ስለናቅኩት አይደለም። አልጋ ወራሽ ሲባል 14 ዓመቱ ነበር፤ ከሥልጣን ሲወርድ 21። እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ እሱ አገር ገዝቶ፣ አገር አጥቶ ጨርሷል። አንቱ ልለው ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ኢያሱ በጥር 1887 ዓ.ም ወሎ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ናቸው። አባቱ ራስ ሚካኤል ደግሞ ሲወለዱ ስማቸው ሙሐመድ ዓሊ ነበር፤ የወሎ ኢማም ነበሩ። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው፣ ሹመት የያዘ ሙስሊም ሁሉ ወይ ይጠመቅ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ የሚል ውሳኔ ሲወጣ፣ ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዮሐንስ ነበሩ። ትእዛዙ ቀጥሎ ወደ ተራው ሰው ወረደ። ከወሎ ዑለማ እንደ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉት ነፍጥ አነሱ፤ ሌሎች ኪታባቸውን ተሸክመው ተሰደዱ። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ወርደው ጅማና አካባቢው ደረሱ። ዛሬ በዚህ በምዕራቡ አገር የሚቀራው ዒልም አንዱ ሥሩ ያ ስደት ነው።

እንግዲህ ኢያሱ ያደገው እንዲህ ባለ ቤት ነው። አባት በአዋጅ የተጠመቁ፣ ዘመድ አዝማዱ ግማሹ ሰላት የሚሰግድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን የሚስም። ወሎን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሸዋ መኳንንት ግን ልጁን ሲያዩ ሁልጊዜ ያንን የአባቱን የመጀመሪያ ስም ያስታውሱ ነበር።

ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ ግንቦት 1901 ዓ.ም ኢያሱ ወራሻቸው መሆኑን በአዋጅ አስነገሩ። ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሆኑ። ተሰማን በእኛ አካባቢ ማንም ሊረሳቸው አይገባም፤ ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን የገዙ፣ ካፋ ስትወረርም በአንድ በኩል የገቡት እሳቸው ናቸው። ሚያዝያ 1903 ላይ ተሰማ ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ ልጁን በሞግዚትነት የያዘው ሰው አልነበረም። ምኒልክ አልጋ ላይ ናቸው፤ መኳንንቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ ኢያሱ ቤተ መንግሥት መቀመጥ አይወድም። ፈረሱን ጭኖ አገር ለአገር መዞር ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እኛ ያለንበትን አገር እንይ። ምክንያቱም ኢያሱ የመጣበት ጊሚራ ባዶ ጫካ አልነበረም።

ጊሚራ የሚለው ስም ሕዝቡ ዛሬ ራሱን የሚጠራበት አይደለም። ከውጭ የመጡት ቤንችንና ጎረቤቶቹን በአንድ ላይ የጠሩበት ስም ነው። ካፋ በ1889 ተወርራ፣ የመጨረሻው ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 መባቻ ተይዘው ወደ ሸዋ ከተወሰዱ በኋላ፣ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከካፋ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ገፋ። አብሯቸው እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ የተጓዘው የሩሲያው መኮንን ቡላቶቪች በዚህ አገር አልፎ ያየውን ጽፏል። ወታደሩ በየተራራው ከተማ እየቆረቆረ ሰፈረ። ደመወዝ የለም፤ ደመወዙ ሰው ነው። እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ገባር ይቆጠርለታል። ገባሩ እህል ያመጣል፣ ማር ያመጣል፣ እንጨት ይሸከማል፣ የጌታውን ቤት ይሠራል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ሚስቱ ትፈጭለታለች። ሹሙ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ደግሞ ወታደሩም አብሮ ይነሳል። ገባሩን ትቶ ባዶ እጁን መሄድ ስለማይፈልግ፣ ሲሄድ ያገኘውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ለአገሩ ከሹም ይልቅ የሹም ሽር የከፋ ነበር ማለት ነው።

ታማኝነት የሚባለው ነገር በእንዲህ ያለ አገር ምን ይመስላል? ወታደሩ ታማኝነቱ ገባር ለቆጠረለት ሹም ነው፤ አዲስ አበባ ሩቅ ናት። ከአገሬው ሰው ባላባት የተባለው ግብር ሰብሳቢ ሆኖ በሁለት እሳት መካከል ቆሟል፤ ቢያስገባ ወገኑ ይረግመዋል፣ ባያስገባ ሹሙ ያስረዋል። ገባሩ የማንም ታማኝ አይደለም፤ ሲብስበት ጫካ ይገባል። ነጋዴው ደግሞ ታማኝነቱ ለመንገዱ ነው። መንገዱን ለከፈተለት ሁሉ እጅ ይነሳል።

ስለ ነጋዴው ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር። ጽሑፉን ለእርምት ያሳየሁት አንድ ወንድማችንም ይህን ቦታ እንድዘለው መክሮኛል። ግን አልዘለልኩትም። ከዚህ አገር ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር ወደ ጅማው የሒርማታ ገበያ ሲወጣ፣ ሰውም አብሮ ይወጣ ነበር። ከሚነዱትና ከሚገዙት መካከል ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩበት፤ አንዳንዶቹ ባረፉበት መንደር ሰላት የሚያሰግዱ፣ በዚህ አገር የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ቤተሰቦች የመሠረቱ። ሁለቱም እውነት ነው። ወንድማችን ጠላት ይደሰትበታል አለኝ። እኔ ደግሞ የመዝሉም ዱዓ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ እንደሚወጣ መድረሳ የተማርነው ለሌላ ቀን ነው ወይ አልኩት። ክርክሩን አልጨረስነውም።

በ1904 ዓ.ም ኢያሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረደ። 17 ዓመቱ ነበር፤ እዚህ ግቢ ከሚገባ ፍሬሽማን ያነሰ። ወደ ካፋ አልፎ ጊሚራ ላይ ዘመቻውን ራሱ መራ። ዘመቻው የቅጣት ዘመቻ ይባል እንጂ የተያዘው ወንጀለኛ አልነበረም፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ነው። በታሪክ መጻሕፍት የሚጠቀሰው የምርኮኛ ቁጥር 40,000 ይደርሳል። ወደ መሐል አገር ሲነዱ ፈንጣጣና ተቅማጥ ገባባቸው፤ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ እንዳለቀ ነው የሚጻፈው። የተረፉት ለመኳንንቱና ለወታደሩ ተከፋፈሉ። ልብ በሉ፣ የሰው ንግድ በአያቱ በምኒልክ አዋጅ ክልክል ነበር።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ ቁጥር ሳይ እጄ ካልኩሌተር ይፈልጋል። 40,000 ሰው በአንድ ረድፍ፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ሜትር ርቀት ቢሰለፍ ሰልፉ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሚዛን ተነስቶ ወደ ቴፒ የሚወስደውን መንገድ አብዛኛውን ይሸፍናል። ከሚዛን አዲስ አበባ በዛሬው አስፋልት 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታሰረ ሰው፣ ልጅ ያዘለች እናት በቀን 15 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ከ37 ቀን በላይ ነው፤ ያኔ አስፋልት የለም፣ ጎጀብና ጊቤ ድልድይ የላቸውም። ቁጥሩ በግማሽ የተጋነነ ነው ብንል እንኳ ሰልፉ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ለበዓል ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን መንገዱ ረዘመ እያልን የምናማርረው ይህንኑ አቅጣጫ ነው።

ይኸው ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ደግሞ ሌላ ሰው ይመስላል። ቁራኛ የሚባል አሠራር ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። እሱን አስቀረ። ሌባ ሻይ የሚባለውንም፣ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ የሚሉበትን ነገር፣ ከለከለ። ለከተማዋ ፖሊስ አቋቋመ። ሳነበው ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። በአዲስ አበባ ሁለት ተካሳሾች በአንድ ሰንሰለት መታሰራቸው ያሳዘነው ወጣት፣ ከጊሚራ የተነዳውን ሰው ያየው በምን ዓይን ነው? መልስ የለኝም። ምናልባት የከተማው ሰው ሰው ሲሆንበት፣ ጫካው ውስጥ ያለው ግን ምርኮ ብቻ ሆኖበት ይሆናል። የዚያን ዘመን መኳንንት አብዛኛዎቹ እንደዚያ ነበሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም መጀመሪያ ዓረፉ። ኢያሱ ዘውድ አልጫነም፤ አባቱን ግን ግንቦት 1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ አሰኝቶ አነገሠ። ከዚያ እኛ መድረሳ የምናውቀው ኢያሱ ይጀምራል። ወደ ሐረርና ወደ ሶማሌ አገር አዘወተረ፤ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት፣ ከአፋርም ከጅማም፣ በጋብቻ ተሳሰረ። ሙስሊሙን ዓብዱላሂ ሳዲቅን በምሥራቁ አገር ሾመ። እንግሊዝን ይወጋ ከነበረው ከሰይድ ሙሐመድ ዓብዲሌ ሐሰን ጋር ተላላከ። መስጂድ ገባ። ከዚያ በፊት በአገራችን ሥልጣን የያዘ ሰው ሙስሊሙን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ዜጋ ለማቅረብ እንዲህ የሞከረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀርቶ ሰለመ የሚለው ግን የከሳሾቹ ቃል ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀጨኔ መድኃኔዓለምን ያሠራውም እሱ ነው። የሆነው ነገር እኔ እንደገባኝ፣ የወሎ ልጅ ወሎ ቤቱ ውስጥ ያየውን በአገር ላይ ሊያደርገው ፈለገ።

ጊዜው ግን የዓለም ጦርነት ነበር። ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበለ፤ የዑስማኒያ ቆንስል ሐረር ላይ ጉዳይ ነበረው። በዙሪያችን ቅኝ ግዛት የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ይህን አልወደዱም፤ ኢያሱ የሚያደርገውን በመቃወም አብረው ለመኳንንቱ አመለከቱ። በነሐሴ 1908 ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር አንስቶ ካፋን ሰጠው። ሐረር የባቡሩና የንግዱ በር ናት፤ ካፋ ደግሞ ከሞላ ጎደል ግዞት። የዚህ አገር ስም በዚያ ታሪክ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የገባው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሰው ማደኛ፣ ቀጥሎ ሹም መቅጫ። ተፈሪ ወደ ካፋ አልወረደም። የሚዛን ከተማ ግን የእሱን ስም ጨምራ ስትጠራ ኖራለች። የዶርም ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀ።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሩ። ክሱ እስልምና ነበር። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከገቡት መሐላ ፈቱ፤ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከክሱ ዝርዝር ውስጥ ጊሚራ አልነበረችም። ይህ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ሰውየውን ለማውረድ ጥፋት ሲፈልጉ፣ በመስጂድ መግባቱን አገኙ፣ ማግባቱን አገኙ፣ ጥምጣሙን አገኙ፤ በሺዎች የሞቱበትን መንገድ ጥፋት ብሎ የቆጠረው የለም። ቢቆጥሩት ኖሮ ምርኮውን የተካፈሉት እነሱው ነበሩና።

ሐረር ላይ ወዲያው ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሶማሌ ሙስሊሞች በወታደር ተገደሉ። ኢያሱ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሞክሮ ሚኤሶ አካባቢ ተመታና ወደ አፋር ሸሸ። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ብዙ ጦር ይዘው መጡ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድ እዚያ ወደቁ። ቀጥሎ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ግን ተሸንፈው ተማረኩ። የወሎ ሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሜዳ ወደቀ። ሃይማኖት ነው የተባለው ጦርነት ሲቀርቡት ወሎና ሸዋ ነበር።

ጊሚራስ? ለዚህ አገር ገባር መስከረም 17 ምንም ያመጣው ነገር የለም። ንጉሥ ሲለወጥ ሹም ተለወጠ፣ ሹም ሲለወጥ ወታደር ተነሳ፣ ወታደር ሲነሳ ሰው ይዞ ሄደ። በ1910ዎቹ ማጂ ላይ ይቀመጥ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሆድሰን ባየው አገር የሰው አደኑ እንደቀጠለ ጽፏል። ተፈሪ ኢትዮጵያን በ1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሲያደርግ ተከታትሎ የባርነት አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ነው። ካሸነፈውም ከተሸነፈውም ወገን የጊሚራን ሰው ወገኔ ያለ አልነበረም። ታማኝነት ይጠየቅ የነበረው እሱ፣ ታማኝ የሆነለት የለም።

ኢያሱ ከሰገሌ በኋላ 4 ዓመት ያህል በአፋርና በሰሜን ተንከራተተ። መቅደላ ላይ ተከበበ፣ አመለጠ። አፋሮች እንዳልሰጡት ግን መናገር አለብኝ፤ በዚያ በረሃ ጠግቦ ባያድርም ተደብቆ አድሯል። በ1913 ትግራይ ላይ ተያዘ። ፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ከ10 ዓመት በላይ ታሰረ። በ1924 ራስ ኃይሉ ረድተውት ከእስር አመለጠ፤ ብዙም ሳይርቅ ተያዘ። በዚያው ዓመት ጅማም የራሷን አስተዳደር አጣች። ከዚያ ኢያሱን ሐረርጌ ጋራ ሙለታ አወጡት፤ ዘውድ ባልጫነበት ዘመኑ ሲመላለስበት ከነበረው አገር ብዙ አይርቅም። ጣልያን ድንበር ጥሳ በገባች በሁለተኛው ወር፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም፣ ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር። ከዕድሜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያሳለፈው ታስሮ ነው።

ጽሑፉን ለጓደኛዬ አነበብኩለት። የእናንተ ኡስታዞች ጊሚራን የማይነግሯችሁ እንደ እኛ መምህራን ስለማያውቁ ነው ወይስ እያወቁ ነው አለኝ። አንዱን የቀራሁበትን ኡስታዝ በስልክ ደውዬ ጠየቅኩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ እሳቸውም ከእኔ እንደሰሙት ነገሩኝ፤ ቀጥለው የምርኮኞቹን ቁጥር እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ፣ ሊጽፉት ብዕር እያነሱ።